በጋራ ማለት የት ነው?

ግንበኛው ሦስት ወር ሙሉ ሩቅ ቦታ የወፍጮ ቤት ግድግዳ ሲያቆም ከርሞ፣ መዶሻውን፣ ማንኪያውንና ውሃ ልኩን በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወደ ሰፈሩ ሲቃረብ መጀመሪያ ያገኛት አዋላጇን ነበር። መንገዱ ወደ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቅርጫቷን አጠገቧ አድርጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻሻለች። ይህች ሴት የሰፈሩን ሕዝብ ግማሹን በእጇ የተቀበለች ናት። ራቁቱን ያየችውን ሰው ማፈር አይሆንላትምና ሽማግሌውንም ሹሙንም "አንተ" ትላለች።

"ቱንቢ፣ መጣህ?" አለችው።

ቱንቢ ስሙ አይደለም። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለት አለማለቱን የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ቱንቢ ይባላል። ሰውየው የሰው ጨዋታ እንኳ ትንሽ ዘመም ካለበት "ይሄ ይወድቃል" ማለት ስለሚወድ፣ ስሙ ተለጠፈበትና በዚያው ቀረ።

ጤና ተጠያየቁ፤ የሞተም የተወለደም ተቆጠረ። ከዚያ አዋላጇ ሳይጠይቃት እጆቹን ያዘችና፣ መሬቱ ስንቱን ቤት እንዳበላ፣ ስንቷ ሴት ስሙን በበጎ እንደምታነሳ ነገረችው፤ መረቀችውም። ግንበኛው የማን ምርቃት እንደ ደረሰው ግራ ገብቶት "አሜን" አለ። ምርቃት መቼም አይመለስም። ሴትዮዋ ከቅርጫቷ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን አወጣች። አሁን የተወለደ ሕፃን ለአባቱ እንደምታቀብል ሁሉ ከሥሩ ደግፋ፣ በሁለት እጇ ክንዱ ላይ አስተኛችለት።

"ይሄ ከየት የመጣ ነው፣ እትዬ?"

"ከጋራው ነዋ። ካንተው።"

ግንበኛው ቀና ብሎ ጋራውን አየው። ጋራው ያው ነው፤ ራሰ በራ፣ ግራጫ፣ ፍየል እንኳ ተስፋ ቆርጣ የምትወርደው ድንጋይ። ጎመኑን አየ። እንደገና ጋራውን አየ። "ፈጣሪ ሲፈቅድ ድንጋይም ያበቅላል" ብሎ አሰበና፣ በዕድሜው ይህን ተአምር ሳያይ መቅረቱ እየቆጨው ሴትዮዋን ተሰናብቶ ሄደ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ግንበኛው ሁለት ቁራጭ መሬት አለው። አንዱ ጋራው ላይ ነው፤ ለሰው ቤት የሚሆነውን ድንጋይ የሚፈልጠው ከዚያ ነው። ሌላው ወንዙ ዳር፣ ከመንገዱ አጠገብ ያለ ጥቁር አፈር ነው። እዚህኛው ላይ አራት ችካል ተክሎበታል። ሃያ ዓመት ለሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ እሱ ግን ከአባቱ በወረሳት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ጎኗን በምትጥል የጭቃ ቤት ነው ያለው። "ግንበኛ በሰው ቤት ሲመካ የራሱ ጣሪያ ያንጠባጥባል" እያሉ የሰፈሩ ቀልደኞች ሲያሽሟጥጡት ይስቃል፤ ስቆ ግን ወደ ችካሎቹ ይሄዳል። በነዚያ ችካሎች መካከል ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ መስኮቱ የሚዞርበትን አቅጣጫ ሁሉ ያየዋል። የወፍጮ ቤቱ ሥራ ደግሞ የቀረችውን ገንዘብ ሞልቶለታል። አሁን የሚመለሰው መሠረት ሊቆፍር ነው።

ለሥራ ሊሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ፣ የሟች እኅቱ ልጅ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ የግብርና ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው አካባቢ ትሠራለች። እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ስለምትዞር "ብዕሬ" ይሏታል። የሰፈሩ ሴቶች ተደራጅተው አትክልት ሊተክሉ እንደሆነ፣ መሬት እንዳጡ አስረድታ፣ ወረቀቱን አነበበችለት፦ "እኔ ከታች የፈረምኩት ግንበኛ፣ የሰፈራችን ሴቶች መሬቴን በጋራ እንዲያለሙ ለሦስት ዓመት ፈቅጃለሁ።"

ግንበኛው ማንበብ አይችልም፤ ጆሮው ግን ደህና ነው። "በጋራ" ሲባል ጋራው ታየው። ያንን ድንጋይ ሊያለሙ? በሆዱ ሳቀ። "በጋራ ከሆነማ ምን ገዶኝ" አለና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አተመ። ብዕሬም "በጋራ ከሆነማ ምን ገዶኝ" ያለውን ለሴቶቹ እየነገረች፣ አጎቷ እንዴት ያለ ለሰው የሚያስብ ሰው እንደሆነ ስታወራ ሰነበተች። በአንዲት ቃል ሁለት ሰው ሁለት መሬት አየ፤ ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ሁለቱም አልተግባቡም።

እንግዲህ ግንበኛው ጎመኑን ታቅፎ ወንዙ ዳር ሲደርስ እግሩ ቆመ።

ችካሎቹ በተተከሉበት መሬት ላይ፣ መደብ ከመደብ አጠገብ ተኝቷል። አሥራ ስድስት ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ሽንኩርት፣ እሱ ስሙን የማያውቀው ቀያይ ግንድ ያለውም ቅጠል አለ። ከወንዙ የተጠለፈ ቀጭን ቦይ በመደቦቹ መሀል እየተሹለከለከ ይወርዳል። መኝታ ቤቱ ሽንኩርት ሆኗል። ሦስቱ ችካሎች የሉም። አራተኛው፣ የሳሎኑ ጥግ የሆነው፣ በቦታው አለ፤ የቲማቲም ተክል በቡትቶ ጨርቅ ታስሮበት፣ ፍሬው ከብዶት ተደግፎታል።

ግንበኛው ምናልባት መንገድ ስቼ ይሆን ብሎ ወንዙን አየ። ወንዙ የሱ ወንዝ ነው። ጋራውን አየ። ጋራው በቦታው ነው። የጠፋው እሱ ነው ወይስ መሬቱ? ይህን ሲያስብ ብዕሬ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለችና በደስታ ሮጣ ሳመችው።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ። እንዴት አዩት?"

"ምኑን?"

"መሬትዎን ነዋ።"

"መሬቴንማ እየፈለግሁት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እዚህ ነበር የተውኩት።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታየው ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ማን እንደፈቀደ ጠየቃት፤ እሱ ራሱ እንደፈቀደ ነገረችው። ካደ። ወረቀቱን ከማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አውጥታ ያንኑ ቃል አነበበችለት። "በጋራ" የምትለው ላይ ስትደርስ ግንበኛው እጁን አነሳ።

"እዚያች ላይ ቁሚ። በጋራ ማለት የት ነው?"

"የት?" ብዕሬ ጥያቄው አልገባትም። "የት ማለት... የትም አይደለም፣ ጋሼ። አብሮ፣ ተባብሮ ማለት ነው።"

"ጋራ ማለት ያ ነው" አለ በአገጩ እያመለከተ።

ሁለቱም ዞረው ጋራውን አዩት። ጋራው እንደ ወትሮው ዝም ብሏል። የልጅቷ ፊት ቀስ በቀስ ተለዋወጠ፤ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ አወጣች፣ የምትጽፈው ስላልነበራት መልሳ ሰካችው። ግንበኛው ሆን ብላ አታልላው እንደሆነ ጠየቃት። እንዳላታለለችው ታውቃለች፤ እንዳታለለችው ግን ወረቀቱ ይመሰክራል። ሰው ሐቁን ይዞ እንዲህ አፉ ሲያያዝ ማየት ያሳዝናል።

"ነገ ጠዋት ሲባጎዬንና ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ" አላትና ሄደ። ጎመኑን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶበት እንደታቀፈው ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገብታ መሬት ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምራለች። ከደጃፉ አንዲት ትንሽ ልጅ የውሃ መውረጃውን ዘላ፣ የተጣለውን ጉቶ ዞራ፣ እየሮጠች መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። የልጁ ልጅ ናት። ግንበኛው ጆንያውን ጣለ። ይህች ልጅ ዳፍንት ነበረባት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኗ ላይ መጋረጃ ይወርድባትና፣ ሰው መጥቶ እጇን እስኪይዛት የበሩን መቃን ይዛ ትቀመጥ ነበር። ሲሄድ እንደዚያ ሆና ነው የተዋት።

"ማን መርቶሽ መጣሽ?" አላት።

"ማንም።"

ሦስት ጣቶቹን ፊቷ ላይ ዘረጋና ስንት እንደሆኑ ጠየቃት። ሦስት እንደሆኑ፣ የመሀለኛው ደግሞ ጥፍር እንደሌለው ነገረችው። ጥፍሩን የወሰደው ወፍጮ ቤቱን ሲሠራ የሳተው መዶሻ ነው።

ምራቱ ጆንያውን ተቀበለችው። ባሏ፣ የግንበኛው ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሚልከው "ደህና ነኝ" የሚል ወሬ ብቻ ነው፣ ወሬ ደግሞ ለሦስት ልጆች አይበቃም። ዝምተኛ ሴት ናት። በዚህ ቤት ስትኖር የአማቷን ፊት ሳታይ ማታ ማታ "ዱቄቱ ሊያልቅ ነው፣ አባባ" ከማለት በቀር ብዙ አትናገርም ነበር። ዛሬ ስለ ዱቄት አላነሳችም። ያቀረበችለት ምግብ ላይ አረንጓዴ ነገር ነበረበት፤ ቅጠል የፍየል ነው የሚል ሰው ቢሆንም ርቦታልና በላው። የልጅቷን ዓይን ነገር ጠየቃት።

ድሮ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ነርሷ፣ የልጅቷ በሽታ ከምግብ ማጣት እንደመጣ፣ አረንጓዴ ቅጠልና ካሮት እንድትመግባት ነግራት እንደነበር አስታወሰችው። "ያኔ 'ከየት አባቴ አመጣዋለሁ' ብዬ አልቅሼ ተመለስኩ። ነርሷ የሰጠቻት እንክብልም ረድቷታል። የቀረውን መደቤ ሞላው።"

"አንቺም እዚያ መደብ አለሽ?"

"አለኝ፣ አባባ።"

"የትኛው ነው?"

"ቲማቲሙ ያለበት። ችካሉ ጋ።"

ግንበኛው የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ሳሎኑ ላይ የሰፈረችው የገዛ ምራቱ ናት። ሊቆጣ ፈለገ፣ ቁጣው ግን የሚቆምበት መሠረት አጣ፤ ልጅቷ ከጭላንጭሉ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ ፈልጋ ስታነሳ አያት። ደስ ብሎታል ወይስ ተበድሏል?

ሲነጋ ግን ቃሉ ቃል ነውና ሲባጎውንና ዶማውን ይዞ ወረደ። ብዕሬ ቀድማው ደርሳለች፤ ሴቶቹም ወሬው ደርሷቸው አጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ምራቱ ከሁሉም ኋላ፣ ውሃ ማጠጫዋን እንደያዘች ቆማለች። ማንም አልጮኸም። ቢጮሁ ይቀለው ነበር።

ግንበኛው ሲባጎውን ችካሉ ላይ አሰረና ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። መደቡ ላይ ላለመርገጥ እግሩን እየመረጠ እንደሚራመድ ራሱም አላስተዋለም። ብዕሬ ተከተለችው።

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ያናግሩኝ። ከዚያ በኋላ እንደወደዱ።"

"ተናገሪ። ጆሮዬ መቼም ተሳስቶ አስነጠቀኝ፤ አሁን ደግሞ ይክሰኝ።"

ሴቶቹ በየጓሯቸው ለምን እንደማይተክሉ ጠየቃት። ጓሮ ላይ ውሃ እንደሌለ ነገረችው፤ አንዲት ሴት አንድ እንስራ ውሃ ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክማ ወጥታ ለልጇ ታጠጣ ወይስ ለጎመን? ውሃ ወደ ሴቶቹ ካልሄደ ሴቶቹ ወደ ውሃ መምጣት አለባቸው። በአካባቢው ውሃ የሚደርሰው ባዶ መሬት ደግሞ የሱ ብቻ ነው።

"ይሁን" አለ ግንበኛው። "ግን የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ዛሬ አዲስ ነውና ይሯሯጣሉ። ነገ አንዷ 'እሷ ታጠጣ' ትላለች፣ ሌላዋ 'ያቺ ታርም' ትላለች፤ መሬቴ የአረም ጎተራ ሆኖ ይቀራል። የጋራ ግድግዳ የሠራሁላቸው ጎረቤታሞች አውቃለሁ፤ ሲሰነጠቅ የሚለስነው ጠፍቶ ሁለቱም በብርድ አለቁ።"

"እውነትዎን ነው" አለች ብዕሬ፤ ልትከራከር የመጣች ሰው ስትስማማ ግንበኛው ደነገጠ። "ለዚህ ነው ሁሉን ያልቀላቀልነው። መደቡ የየራሳቸው ነው። የተከለችው ትለቅማለች፣ ያልተከለችው ታያለች። የጋራ የሆነው ቦዩ፣ አጥሩና የፍጉ ጉድጓድ ብቻ ነው። ቦዩን በተራ ይጠርጋሉ። ተራዋን የዘለለች ሴት ቦዩ ተደፍኖ ከሷ በታች ያሉት ሰባት መደቦች ስለሚደርቁ፣ ሰባት ምላስ ይጠብቃታል። እኔ ደንብ አላወጣሁም፤ ሰባቱ ምላስ ይበቃል።"

ከአጥሩ ሥር አንዷ ሳቀች። ግንበኛውም ሊስቅ ነበር፣ ራሱን ገታ። ቅጠል ሰው እንደማያጠነክር፣ እሱ በእህል እንዳደገ ተናገረ። ብዕሬም እህል መብላት ይቅር እንዳላለች፣ እህል ሆድ ሲሞላ ዓይንን፣ ድድን፣ ደምን የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ እንደሆነ አስረዳችው። ድንጋይ ብቻውን ግድግዳ እንደማይሆን፣ መሀሉ የሚገባ ነገር እንደሚፈልግ ከሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ነገረችው። ይህን ስትል ትናንት ጨለማ ውስጥ ሮጣ የመጣችው ልጅ ትዝ አለችው። መልስ ያጣ ሰው ወደ ቁስሉ ይመለሳል፤ እሱም ተመለሰ።

"ይሄ ሁሉ መልካም። ግን አታለላችሁኝ። ጋራ ብላችሁ ወንዝ ወሰዳችሁ። በማታለል የተገባበት ቤት ይፈርሳል።"

ብዕሬ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። በዚህ መሀል አዋላጇ ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።

"አታለሉኝ ካልክ እኔም ተታልያለሁ" አለች። "ወረቀቱ ለኛም ሲነበብ እኔ ያልኩት እንዳንተው ነው። 'በጋራ' አለች፤ ጋራ ነው አልኩ። በማግስቱ በጠዋት ሁለት ጎረቤቶቼን ቀስቅሼ፣ መኮትኮቻ አስይዤ ያንን ድንጋይህን ወጣን። ሦስት ቀን ቆፈርን። አንድ ስንዝር አልሄደም። 'ይቺ የተማረች ልጅ ሞኝ ናት' እያልኩ ነበር የምቆፍረው። በሦስተኛው ቀን ከላይ ሆነን ስናይ የቀሩት ሴቶች እዚህ ታች መደብ ሲያወጡ አየናቸው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እነዚህንም አስምያቸዋለሁ።"

ከሴቶቹ ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛዋ "የመኮትኮቻዬ ጥርስ እዚያ ነው የቀረው" ብላ አጉረመረመች። ያን ጊዜ ሳቁ አጥሩን ሞላው፤ ብዕሬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልታወቀም።

ግንበኛው ግን አልሳቀም፤ በልቡ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከቦታው ተንከባለለ። ቃሏ ራሷ ሁለት መልክ ነበራት። ሰው በክፋት ብቻ የሚበደል ይመስለዋል፤ በቃል መንታ መሆንም ይበደላል። የሚቆጣበት ሰው ፈልጎ አጣ።

ብዕሬ ዓይኗን ጠርጋ ወረቀቱን አወጣች። "ጋሼ፣ ባልገባው ነገር የሰጠ ሰው አልሰጠም። ይሄንን አሁን እቀደዋለሁ። ከሴቶቹ ጋር ተነጋግረናል፤ ካሮቱ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ይታገሱን፣ ለቅመን እንወጣለን። ቤትዎን ይሥሩ።"

በሙሉ ጉልበቱ ሊገፋው የተንደረደረበት በር ከውስጥ ሲከፈትለት ሰው በአፍጢሙ ሊደፋ ይደርሳል። ግንበኛው እንደዚያ ሆነ። ዶማውን አነሳና፣ ከሁለት መደብ መሀል ባለችው መተላለፊያ ላይ፣ የመሠረቱን መጀመሪያ መቆፈር ጀመረ። እጁ ያውቀዋል፤ ለስንት ሰው ቆፍሯል። አንድ ክንድ ሳይወርድ አፈሩ እንደ ሊጥ ዶማው ላይ ተጣበቀ። ትንሽ ወረድ ሲል የጉድጓዱ ወለል ላበው፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ጥቁር አፈር። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያቆሙለትን ግድግዳ እንደ ብስኩት ይሰብራል። ግንበኛው ይህን ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም። ችካሎቹን ሲተክልም ያውቅ ነበር። አውቆ ነው ያላየው።

ብዕሬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ውሃውን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ ሌላ ሰው እዚህ ላይ ቤት ሥራልኝ ቢልዎት ይሠሩለት ነበር?"

ግንበኛው ዶማውን ከጭቃው ነቀለ። ዘመም ያለ ነገር ሲናገር ራሱን ሰምቶ አያውቅም።

"ለጠላቴም አልሠራለት" አለ።

"ታዲያ ለምን እዚህ?"

"ከመንገድ ስለሚታይ።" ካለ በኋላ አፈረ። "አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነበር። ግንበኛው ለራሱም ሠራ እንዲሉ።"

አዋላጇ ይህን ስትሰማ ወገቧን ያዘች። "አይ ቱንቢ። ቤትህ እንዲታይልህ ከሆነ ጋራው ላይ ብትሠራው ከሦስት ሰፈር ይታያል። ድንጋዩ እዚያው፣ መሠረቱ እዚያው። አህያም አትከራይም። ይልቅ እኔ ካረጀሁ ወዲህ አቀበት አልችልምና ለምጥ እንዳትጠራኝ።"

ጋራው ላይ ውሃ እንደሌለ ተናገረ፤ ይህች የመጨረሻ ምሽጉ ነበረች። ብዕሬ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ አውጥታ መሬት ላይ ጣሪያ ሳለች፤ ከጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ሥር በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ። በአንድ ክረምት ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ቢጠራቀም ለቤት ውሃ ብዙ ወር እንደሚያደርስ አሰላችለት። ግንበኛው ሥዕሉን በትኩረት አየው። የማጠራቀሚያው ግድግዳ ቀጭን እንደሆነ፣ ውሃው ሲሞላ ገፍቶ እንደሚጥለው ነገራት፤ በጣቱም አወፈረው። አንድ ግንበኛ የሰውን ሥዕል ማረም ከጀመረ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቤቱ ተጀምሯል ማለት ነው።

ከዚያ ሲባጎውን ጠቀለለ። ጉድጓዱን በእግሩ አፈር መልሶ ደፈነው። መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ከጠረገ በኋላ፣ ወደ ወንዙ በኩል ሴቶቹ አፈሩ እንዳይሸረሸር የደረደሩትን የድንጋይ ካብ አየና ፊቱ ተኮሳተረ።

"ይሄን ካብ ማን ነው የካበው? ሆዱን ነፍቶ አርግዟል። በዚህ ክረምት ይወልዳል።"

"ማዋለዱን ለኔ ተወው" አለች አዋላጇ።

"ፈርሶ ይሠራል" አለ እሱ። "ነገ።"

እንዲህ ሆኖ ነው የተጠራጣሪው ሰው ልብ የተመለሰው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ቀላል ነው። ካቡ ተሠራ፣ በክረምቱ ጎርፍ መጥቶ ዙሪያውን ዞሮ ሄደ። የሴቶቹ ልጆች እህላቸውን ያለ ማባያ መዋጥ ትተው ከየመደቡ የሚመጣውን ጨምረው መብላት ያዙ፤ ድዳቸው የሚደማ፣ ሲመሽ የሚደናበሩ ልጆች ቁጥር አነሰ። ከቤት የተረፈውን ሴቶቹ ለገበያ ያወጣሉ፤ ደብተርና ሳሙና ለመግዛት ባል ከሥራ እስኪመለስ፣ ወይም ከሄደበት እስኪያስብ መጠበቅ ቀረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ቦይ ለመጥረግ በተገናኙ ቁጥር የአንዷ ችግር የሌላዋ ጆሮ መድረሱ ነው። ልጅ የታመመባት መደቧን ጎረቤቷ ታጠጣላታለች፤ ስትመለስ የደረቀ ነገር አታገኝም። መሬት ለሚስማማው ሲሰጥ ያበላል፤ ቤትም በሚስማማው ቦታ ሲሠራ ይቆማል። ይህን ለማወቅ መማር ብቻ አይበቃም፤ የተማረው ያልተማረው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ያልተማረውም የተማረውን መስማት አለበት።

ያን ቀን ግን ገና ጠዋት ነው። ብዕሬ አሮጌውን ወረቀት ቀድዳ ወደ ፍጉ ጉድጓድ ጣለችና አዲስ ጀመረች። "እኔ ከታች የፈረምኩት ግንበኛ፣ ወንዙ ዳር ያለውን መሬቴን..." አለችና ብዕሯ ቆመ። አሁን ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠፋት። በአንድነት? በኅብረት? በማኅበር? እያንዳንዱን ቃል ከአፏ ስታወጣው የሆነ ሌላ ነገር ይመስላል።

"ተይው" አለ ግንበኛው። "ቃል አትፈልጊ። ስማቸውን ጻፊ። አንድ በአንድ፣ እነማን እንደሆኑ።"

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ስማቸውን ተናገሩ፤ ብዕሬ ጻፈች። አንዳንዶቹ ስማቸው ወረቀት ላይ ሲወጣ ያዩበት ቀን ኖሮ አያውቅም፤ የተጻፈውን ጎንበስ ብለው እያዩ ይሄ ነው ወይ እያሉ ይነካሉ። አዋላጇ ስሟን ከነአያቷ አስጻፈች። አሥራ አምስት ሞላ። ምራቱ አልቀረበችም፤ እንደ ልማዷ ሌላው እስኪጨርስ ከኋላ ቆማለች።

"አንዷ ቀረች" አለች ብዕሬ። "የእርስዎዋ፣ ጋሼ። ስሟን ማን ልበል?"

ግንበኛው አፉን ከፈተ። ሊናገር ሲል ግን ምላሱ ላይ የመጣለት "ልጄ" የሚለው ብቻ ነው። ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ኖረው ሌላ ጠርቷት አያውቅም። በሠርጉ ቀን የተነገረው ስም ነበረ፤ በ"የ" ይጀምር ነበር ወይስ በ"አ"? ዞሮ አያት።

"ልጄ" አላት፣ "ነይና ንገሪያት። እኔም ልስማው።"

ምራቱ ውሃ ማጠጫዋን አስቀመጠችና ቀረበች። ስሟን ከነአባቷ ስም፣ ሳትፈጥንና አንገቷን ሳትደፋ ተናገረች። ብዕሬ ጻፈች። ግንበኛው የተጻፈውን እንድታነብለት ጠየቀ፤ አነበበች። እንደገና እንድታነብ ጠየቃት፤ እንደገና አነበበች። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረና፣ ከአሥራ ስድስቱ ስም ሥር፣ ቀጥ አድርጎ አተመ።